መልስ፦ የክበባችን አባላት ተበተኑ፣ ምን እናድርግ?

«በከተማችን የበጎ ፈቃድ ክበብ አቋቋምን፤ በ3 ወሩ ግማሹ አባል ቀረ» ላልከው ወንድሜ፣ በቀሩት አትዘን። እ.ኤ.አ. በ1905 ቺካጎ ላይ ዛሬ በበጎ አድራጎት የሚታወቀውን የሮታሪ ክበብ የጀመሩት 4 ሰዎች ናቸው፤ ስሙም («ተዘዋዋሪ» እንደማለት ነው) በየተራ አንዱ ሌላው ቢሮ እየሄዱ ከመሰብሰባቸው የመጣ ነው። አዳራሽም አያስፈልጋችሁም ማለት ነው።

ችግሩ የሥራው መብዛት ይመስለኛል። ችግኝ፣ ጽዳት፣ ቤት እድሳት በአንድ ወር ከተደራረበ ሰው ይታክተዋል። አንዱን ያዙ። እኔ ብሆን ደም ልገሳን እመርጥ ነበር። ቀይ የደም ሕዋስ በማቀዝቀዣ ቢበዛ 42 ቀን ነው የሚቆየው፤ ስለዚህ በዓመት አንዴ ሆ ብሎ ከመውጣት በቡድን ተከፍሎ በየወሩ ጥቂት ጥቂት ሰው መላክ ይሻላል። የሰጠ ሰው ቢያንስ 3 ወር ማረፍ ስላለበት ተራው በራሱ ይደርሳል።

አዲስ መጪን ደግሞ ቆሞ እንዳይውል አደራ! መርፌ የሚፈራው እንኳ ከለጋሹ ጎን ተቀምጦ ውኃ እያቀበለ፣ እያጫወተው፣ ራሱን እንዳያዞረው ፊቱን እያየ ይጠብቀዋል። እንዲህ የዋለ ሰው በሚቀጥለው ወር ሳይጠሩት ይመጣል።

መዋጮ ካላችሁ ገቢና ወጪውን በየስብሰባው በጽሑፍ አሳዩ፤ በቃል አይበቃም።