መልስ፦ ስለ ክትባት ፖስተር በምትጽፈው ምዕራፍ ላይ ምስሉንና ጽሑፉን ለየብቻ ተንትኜ ማገናኘት አቃተኝ ላልከው

ምዕራፉን ለሁለት አትክፈለው፤ ያስቸገረህ እሱ ነው። «ምስል» እና «ጽሑፍ» የሚሉትን ንዑስ ርዕሶች አውጣና በጥያቄ ተካቸው፦ ማን ምን ያደርጋል? ፖስተሩ ተመልካቹን እንዴት ይቀርበዋል? ምን ጎልቶ ወጥቷል? የምስል ትንታኔ ምሁራኑ ጉንተር ክሬስና ቴዎ ቫን ሊውወን እነዚህን ከቋንቋ ሊቁ ከሃሊዴይ ጥናት ወስደው ለምስል ስላዋሏቸው ለሁለቱም ይሠራሉ። (ቫን ሊውወን ወደ ምሁርነት የመጣው ከፊልምና ከቴሌቪዥን ሥራ ነው፤ ዓይኑ ያስታውቃል።)

የክትባት ፖስተርህን ውሰድ። ልጅቷ ዓይን ዓይናችንን ታያለች፤ አንድ ነገር እየጠየቀችን ነው። ምን እንደሆነ ግን የሚነግረን «ልጅዎን ዛሬውኑ ያስከትቡ» የሚለው ትእዛዝ ነው። መጀመሪያ ጽሑፉን በወረቀት ሸፍነህ እየው፣ ቀጥሎ ምስሉን። በየተራ የጎደለውን ጻፍ፤ ትንታኔህ እዚያ ውስጥ ነው። ፈረንሳዊው ሐያሲ ሮላን ባርትም እ.ኤ.አ. በ1964 ጽሑፍ ከምስሉ ብዙ ትርጉሞች አንዱን እንደሚያጸና አሳይቷል፤ እሱን እዚህ ላይ ጥቀሰው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ «በግራ ያለው የታወቀ፣ በቀኝ ያለው አዲስ» የሚለውን የክሬስና የቫን ሊውወን የገጽ አቀማመጥ አነባበብ እንደ ሕግ አትያዘው። የማያቸው ረቂቆች ብዙዎቹ የሚሰናከሉት እዚህ ነው። እንደ ዓረብኛ ከቀኝ ወደ ግራ በሚነበብ ገጽ ላይ አቀማመጡ ሊገለበጥ ይችላል። ፖስተሩ ላይ ግራና ቀኝ ካልተለየ ደግሞ ጭራሽ አታንሳው።