ወድቆ ተነሳ፣ ሻይም ጠጣ

እህቴ፣ አብሽሪ። ግን መጀመሪያ ወንድምሽን ሐኪም ቤት ውሰጂው። የቀረውን ወረፋ ስትጠብቂ ታነቢዋለሽ።

እንደጻፍሽው ወንድምሽ ኮምቦልቻ ሕንፃ ሲሠራ ከአንደኛ ፎቅ ወድቆ ራሱን ተመታ። ያኔ ደህና ነበር። አሁን ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ ራሱን ያመዋል፣ ይረሳል፣ ያለ ምክንያት ይቆጣል። አሠሪው «ሄልሜት አላደረገም፣ ጥፋቱ የራሱ ነው» ብሏል። «ሦስት ሜትር እንዲህ ያደርጋል ወይ? መንስኤውስ ምንድን ነው?» ነው ጥያቄሽ።

ያደርጋል። ደሴ ውስጥ መጀመሪያ ግንበኛ፣ ኋላ ፎርማን ሆኜ 18 ዓመት ሠርቻለሁ። በዓይኔ ያየኋቸው ከባድ የጭንቅላት ጉዳቶች አብዛኞቹ ከዝቅተኛ ቦታ የመጡ ናቸው። አምስተኛ ፎቅ ላይ ሰው ይፈራል፣ የሚይዘውን ይይዛል። ሦስት ሜትርን ማን ይፈራል? ከዚያ የወደቀ ሰው ግን አንድ ሰከንድ ሳይሞላ መሬት ይደርሳል፤ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተወረወረ። እጅ መዘርጊያ ጊዜ እንኳ የለም።

ከዋድላ የመጣ አንድ የቀን ሠራተኛ ነበረን። ሶሌታው (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) ላይ ለደረጃ የተተወ ክፍት ቦታ አለ። ጣውላ ጣል ተደርጎበታል፣ በሚስማር ግን አልተመታም። ልጁ ባሬላ ይዞ ወደ ኋላ ሲራመድ ጣውላው ከእግሩ ሥር ሸሸ። ወደቀ። ተነሳ። አቧራውን አራገፈ፣ እኛም ሳቅንበት፣ ሻይ ጠጣ። ማታ አስታወከ። አብረውት የሚያድሩት ልጆች ሲያንኮራፋ ሰምተው «ደክሞት ነው» ብለው ተዉት። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቢቀሰቅሱት አልነቃ አለ።

ሐኪሞቹ ኋላ እንዳስረዱኝ፣ በራስ ቅሉና በአንጎሉ ሽፋን መካከል ደም እየተጠራቀመ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ለሰዓታት ደህና ይመስላል፤ ይበላል፣ ይጫወታል። ራስ ቅል ደግሞ አይለጠጥም። ደሙ ሲሞላ የሚጨመቀው አንጎሉ ነው። ልጁ በቀዶ ሕክምና ተርፏል። የድሮው ልጅ ግን አይደለም፤ ስም ይጠፋበታል፣ በትንሽ ነገር ይከፋዋል።

አሁን ድረስ የማፍርበት ነገር አለ። ሐኪሙ «እንዴት ነው የወደቀ?» ሲል «መንገድ ላይ አዳልጦት» ያልኩት እኔ ነኝ። ኮንትራክተሩ እንዲያ በል ብሎኝ ነበር። ሐኪም ግን ከየት ከፍታ እንደወደቀ ሰምቶ ነው ምርመራ የሚያዘው። አንቺ ሜትሩንም ቀኑንም በትክክል ንገሪ።

የወንድምሽ ቀስ ብሎ የሚፈስ ደም ሊሆን ይችላል። ከአንጎሉ ሽፋን ሥር ያሉ ቀጫጭን ደም ሥሮች ሲበጠሱ ደሙ ለሳምንታት ጠብ እያለ ይጠራቀማል። ላይሆንም ይችላል፤ በዕረፍት የሚሻል የአንጎል መናወጥ ብቻ ይሆናል። የሚለየው ሲቲ ስካን ነው። «ራጅ ተነስቷል፣ ንጹህ ነው» ካሉሽ አትርኪ። ራጅ አጥንት እንጂ አንጎል ውስጥ ያለ ደም አያሳይም። ካስታወከው፣ እንቅልፍ ካበዛ፣ አንድ ጎኑ ከዛለ፣ ምላሱ ከተያዘ ወይም ካንቀጠቀጠው እስኪነጋ አትጠብቂ። አስፒሪን አትስጪው፣ መድማቱን ያብሳል። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ሲቲውን ግን አያዘግዩት።

ወደ መንስኤው ስመጣ፣ «ቀኑ ነው» የሚሉት ነገር አይዋጥልኝም። የእኛ መወጣጫ አጠና ነው። ክረምት ላይ ይሻግታል፣ ያዳልጣል፣ ሚስማሩ ይላላል። ሥራው በቁርጥ ከሆነ ደግሞ ማን ቆሞ ያጠብቀዋል? የቆመ ሰው ብሩ ይቀንስበታል። ከላይ የሚወድቀውም ቀላል አይደለም። ከ10 ሜትር የተለቀቀ መዶሻ ታች ሲደርስ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሄልሜት በዋናነት የተሠራው ለእሱ ነው። ከፎቅ የሚወድቅን ሰው የሚይዘው የጠርዝ አጥርና የደህንነት ቀበቶ ነው። የአገጭ ማሰሪያው ያልታሰረ ሄልሜትማ ከሰውየው ቀድሞ ይወድቃል። ሠራተኛ ሲሚንቶ ላይ ቆሞ በአይሱዙ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድም አይቻለሁ፤ እሱም ቢወድቅ የሥራ አደጋ ነው። የደሴ ብርድ ሲጠና ደግሞ ጥበቃው ከሰል አያይዞ በር ይዘጋል። ጭሱ ባይታይም መርዙ ኦክስጅን ያሳጣል፤ ሳይመታ አንጎሉ የተጎዳ ሰው አለ።

«ጥፋቱ የራሱ ነው» ላለሽ ሰው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ጥቀሺለት። ሠራተኛው በሥራ ላይ ከተጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው፤ በግልጽ የተሰጠን የደህንነት መመሪያ መጣስና ራስን እስኪስቱ ሰክሮ መግባት እንደዚያው ይቆጠራሉ። ስለዚህ ወንድምሽን ጠይቂው፤ ሄልሜቱ በእርግጥ ተሰጥቶት ነበር? መመሪያውስ? የሕክምና ወጪ የአሠሪው ነው። ከሥራ ሲውል ደመወዙ ለሦስት ወር ሙሉ፣ ለቀጣዩ ሦስት ወር 75 በመቶ፣ ከዚያ ለስድስት ወር 50 በመቶ ይከፈለዋል።

አብረውት የነበሩትን ልጆች ስም ዛሬውኑ ጻፊ። አንድ ሰው ልከሽም የወደቀበትን ቦታ በስልክ አስነሺ። የእኛ ሳይት ክፍት ቦታ በማግስቱ ጠዋት ተሸፍኖ ነበር። በሚስማር።