ቡጢ ሲቀምስ ሳላየው ምርጥ ነው አልልም

ወንድሜ፣ የእንግሊዙ ወጣት ከባድ ሚዛን ቦክሰኛ ሞሰስ ኢታውማ በ2025 ነባሩን ዲሊያን ዋይትን በአንደኛው ዙር ከዘረረው ወዲህ ሁሉም ቀጣዩ ታይሰን እያለው ነው፣ እውነት ነው ወይስ ተጋንኗል ብለህ ጠይቀሃል። ባጭሩ፦ ልጁ ይችላል፣ ግን ገና አልተፈተነም። ለምን እንደዚህ እንደምል ረዘም አድርጌ ላስረዳህ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።

እኔ ደሴ ነው ያደግኩት። ስድስት ዓመት ጓንት አጥልቄያለሁ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ለልጆች ፓድ (ቡጢ የሚለማመዱበትን የእጅ ትራስ) እይዛለሁ። ከልጆቹ አንዱ ቀኝ እጁ ድንጋይ ነበር። ፓድ ስይዝለት እስከ ክርኔ ይነዝረኛል። ልምምድ ላይ ከእሱ ጋር የገባ ሁሉ አንድ ዙር አይጨርስም። ሆጤ ሜዳ ሲሮጥ የሰፈር ልጆች ከኋላው ይሮጣሉ። እኔም ከልቤ አምኜበት ነበር።

አንድ ቅዳሜ በሚኒባስ ሐረጎን ወርደን ለወዳጅነት ግጥሚያ ኮምቦልቻ ገባን። የገጠመው ሰው ፋብሪካ የሚሠራ፣ ሠላሳ ያለፈው፣ ሲያዩት ምንም የማያስፈራ ነው። አንደኛው ዙር ላይ ልጃችን ዘነበበት። ሰውየው አገጩን ደብቆ፣ ክርኑን ጎኑ ላይ ለጥፎ ግማሹን በክንዱ ተቀበለ፣ ግማሹን ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት እያለ አሳለፈው። እኛ እንጮሃለን። ሁለተኛው ዙር ሲጀመር የልጁ አፍ ተከፍቷል። የጥርስ መከላከያው ወጣ ገባ ይላል። ቀኙን ሲሰነዝር የኋላ እግሩ አብሮት አይዞርም፣ መሬቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ከዚያ ሰውየው አንዲት ግራ ሆዱ ላይ አሳረፈበት። ያን ያህል ከባድ አልነበረችም። ልጁ ግን ተጋጣሚውን ትቶ ዞሮ እኛን አየ። ለእኔ ግጥሚያው እዚያው ላይ አለቀ፤ ዳኛው ያስቆመው በሦስተኛው ዙር ነው።

ስንመለስ ሰዉ የኮምቦልቻ ሙቀት ነው አለ። አይደለም። ከደሴ ከፍታ የወረደ ልጅ ኮምቦልቻ ላይ ትንፋሽ ሊያገኝ ነው እንጂ ሊያጥረው አይገባም። ሁለተኛ ዙር ምን እንደሚመስል አያውቅም ነበር፣ ያላሳየነው ደግሞ እኛ ነን። ሁልጊዜ የሚወድቅለትን ነበር የምናቀርብለት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ትልልቆቹም ጋ ያው ነው። አሜሪካዊውን ቦክሰኛ ኤድጋር ቤርላንጋን አስታውስ። የመጀመሪያዎቹን 16 ግጥሚያዎች በሙሉ በአንደኛው ዙር ነው በዝረራ የጨረሰው። ስንቱ ሰው አበደለት! በ2021 አስራ ሰባተኛው ተጋጣሚ ስምንቱንም ዙር ቆመበት። በ2024 የሜክሲኮው ሻምፒዮን ካኔሎ በነጥብ አሸነፈው፣ በ2025 ደግሞ ሐምዛ ሺራዝ በአምስተኛው ዙር ጨረሰው። ቡጢው ከባድ ነው፣ ውሸት አልነበረም። ግን 16ቱ ሰዎች ቡጢው ካልሠራ ምን እንደሚያደርግ አልጠየቁትም።

እኔ ታዲያ የማየው ሌላ ነገር ነው። የሽንፈት ዝርዝሩ ላይ ዜሮ መኖሩን አይደለም፣ ስልክ ላይ የሚዞሩትን የዝረራ ቪዲዮዎችም አይደለም። ቡጢ ሲቀምስ፣ ያሰበው አልሆን ሲለው ምን ያደርጋል? ከባድ ሚዛኖቹ ዩሲክና ፊውሪ በ2024 ሪያድ ላይ ሲገጥሙ ሰዓቱ ከእኛ ጋር አንድ ስለሆነ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አየሁ። መካከለኞቹ ዙሮች ላይ ፊውሪ በአፐርካት (ከታች ወደ ላይ በሚወጣ ቡጢ) እና በሆድ ቡጢ ሲያስቸግረው ዩሲክ አልቆለታል ብዬ ነበር። እሱ ግን እግሩን አላቆመም፣ እየቀረበ ግራውን ጨመረ፣ ዘጠነኛው ዙር ላይ ፊውሪ ገመድ ለገመድ እየተላጋ ዳኛው ቆጠረበት። ጃፓናዊው ሻምፒዮን ኢኖዌም እንዲሁ ነው። በዚያው ዓመት ቶኪዮ ላይ ተጋጣሚው ኔሪ በአንደኛው ዙር ጣለው፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ። ዘሎ አልተነሳም። በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ቆጠራውን አዳመጠ፣ እስከ ስምንት ጠብቆ ተነሳ፣ በቀጣዩ ዙር እሱ በተራው ኔሪን ጣለው፣ በስድስተኛው ጨረሰው። ምርጥ የምለው እንደዚህ ያለውን ነው።

አሁን ወደ ኢታውማ ልመለስ። ግራኝ ነው፣ እጁ ፈጣን ነው፣ ለከባድ ሚዛን እግሩ ቀላል ነው። ቡጢ ሲሰነዝር ሚዛኑን አይስትም፣ ይኼ በ20 ዓመት ልጅ ላይ በጣም ነው ያስደሰተኝ። ዋይትን ማሸነፉ ግን ምን ያህል ይመዘን? ዋይት ያኔ 37 ዓመቱ ነው፣ ከዚያ በፊትም ጆሹዋ፣ ፖቬትኪንና ፊውሪ በዝረራ አሸንፈውታል። ኢታውማ ራሱ ደግሞ እስከዚያ ድረስ ከስድስት ዙር በላይ ተፋልሞ አያውቅም። ከታይሰን ጋር ማነጻጸሩም ትንሽ ይቆይ። ታይሰን በ20 ዓመቱ፣ በ1986፣ የወቅቱን ሻምፒዮን በርቢክን በሁለተኛው ዙር ጥሎ የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ ነበር፣ ያውም በ28ኛ ግጥሚያው። ኢታውማ ዋይትን ሲገጥም 13ኛው ነው። ያ ታይሰን እንኳ በ1990 ቶኪዮ ላይ የማይፈራ ሰው መጣበት፤ ቡስተር ዳግላስ ስምንተኛው ዙር ላይ ወድቆ ተነሳ፣ በአስረኛው ታይሰንን ዘረረው።

ስለዚህ ጓደኞችህ ልጁ የውሸት ነው ሲሉህ አትስማቸው፣ ከወዲሁ ንጉሥ ነው ሲሉህም እንደዚያው። ውርርድ ከሆነ ደግሞ ጃቡ (የፊት እጁ ቀጥታ ቡጢ) ጥሩ የሆነ፣ በዝረራ ተሸንፎ የማያውቅ፣ አስር ዙር የለመደ ሰው እስኪያቀርቡለት ብርህን ያዝ። ያ ቀን ሲመጣ የተንታኞቹን ድምፅ አጥፍተህ እየው። አምስተኛው ዙር ሲያልቅ ወደ ጥጉ ሲሄድ አፉን ተመልከት፣ ከዚያ ደህና ቡጢ ሲያርፍበት ዓይኑ ወዴት እንደሚሄድ። ያየኸውን እዚሁ ጻፍልኝ፣ እኔም እያየሁ ነው የምሆነው።