የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የአይቲቪ ተመልካች ወዴት ሄደ?

ስለ ብሪታንያው የንግድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ስለ አይቲቪ ሦስት ደብዳቤዎች ከተለያየ ቦታ ደርሰውናል። ጥያቄዎቹ የሚያያዙ በመሆናቸው በዚህ እትም አንድ ላይ እንመልሳቸዋለን። ካልተገለጸ በስተቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ለንደን ከገባሁ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በምሠራበት ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ጠዋት ስንገናኝ ወሬው ሁሉ ማታ በአይቲቪ ስለታየው ስለ «ኮሮኔሽን ስትሪት» ነበር፤ እኔም እንግሊዝኛዬን ያቃናሁት ከዚያው ድራማ ነው። አሁን ልጆቼ ጣቢያው በስንተኛው ቁጥር ላይ እንደሚገኝ እንኳ አያውቁም። ተመልካቹ የሸሸው ፕሮግራሞቹ ስለተበላሹ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለው?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ እርስዎ ለንደን በገቡበት ዘመን በአብዛኛው የብሪታንያ ቤት ውስጥ የነበረው ቴሌቪዥን የሚይዘው አራት ጣቢያ ብቻ ነበር፤ እነሱም ተመልካቹ በሚከፍለው ዓመታዊ የፈቃድ ገንዘብ የሚተዳደሩት ሁለቱ የቢቢሲ ጣቢያዎች፣ አይቲቪ እና በ1982 ሥራ የጀመረው ቻናል ፎር ናቸው። አይቲቪ መስከረም 22 ቀን 1955 ለንደን ውስጥ ስርጭት ሲጀምር በአገሪቱ የመጀመሪያው የንግድ ቴሌቪዥን ነበር፤ እስከ 1992 መጨረሻ ድረስ የቻናል ፎርን ማስታወቂያ ሳይቀር የሚሸጡት በአይቲቪ ሥር ያሉት የየክልሉ ኩባንያዎች ስለነበሩ፣ ዕቃውን በቴሌቪዥን ማስተዋወቅ የፈለገ ነጋዴ ከእነሱ ውጭ የሚሄድበት ደጅ አልነበረውም ማለት ይቻላል። በ1957 የስኮትላንዱን ጣቢያ የከፈተው ሮይ ቶምሰን ይህን ሥራ ገንዘብ የማተም ፈቃድ ከማግኘት ጋር ማመሳሰሉ እስከ ዛሬ የሚነገረው ለዚህ ነው።

እርስዎ የሚያስታውሱት የወጥ ቤት ወሬም ከዚህ የመጣ ነው። በ1987 የገና ዕለት ሂልዳ ኦግደን የተባለችው ገጸ ባሕርይ ከ«ኮሮኔሽን ስትሪት» ስትሰናበት፣ ድጋሚ ስርጭቱ ተደምሮ ከ26 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ተመልክቷታል። በ1990 ብሪታንያውያን ቴሌቪዥን ከሚያዩበት ጊዜ ውስጥ ወደ 44 በመቶ የሚሆነውን የሚወስደው አይቲቪ ነበር። ያ ድርሻ በ2000 ከ30 በመቶ በታች ወረደ፤ በ2010 ደግሞ 17 በመቶ አካባቢ ደረሰ።

ፕሮግራሞቹ በዚያው ልክ ተበላሹ ማለት ግን ፍትሐዊ አይሆንም። በ1989 ስካይ የተባለው ተወዳዳሪ የቴሌቪዥን ድርጅት በሳተላይት መጣ፤ በ1997 ቻናል ፋይቭ ተከፈተ፤ በ2002 ፍሪቪው የተባለው ወርኃዊ ክፍያ የሌለው ዲጂታል አገልግሎት በተራ አንቴና በርካታ ጣቢያዎችን እየያዘ ቤት ውስጥ ገባ፤ በ2012 መጨረሻ የድሮው አናሎግ ስርጭት ከመላ አገሪቱ ጠፋ። አራት ጣቢያ ያየ የነበረ ቤተሰብ በደርዘን የሚቆጠር ጣቢያ ሲከፈትለት፣ ቀድሞ ግማሽ ያህሉን ጊዜ ይወስድ የነበረው ጣቢያ የሚቀንስበት መሆኑ አይቀርም። በእኔ እምነት ውድቀቱን ማንም ሥራ አስኪያጅ ሊያስቀረው አይችልም ነበር። ጣቢያው ሊጠየቅበት የሚገባው፣ ገንዘብም ተመልካችም በእጁ በነበሩባቸው ዓመታት ባደረገው ነገር ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት የራሱ የጣቢያው ሳይሆን የመንግሥት ነበር። በ1990 የወጣው የብሮድካስቲንግ ሕግ የየክልሉ ፈቃድ በታሸገ ፖስታ ጨረታ እንዲሰጥ ስለደነገገ፣ በ1991 ኩባንያዎቹ ተወዳዳሪያቸው የሚያቀርበውን ሳያውቁ በጭፍን ዋጋ ሰጡ። ሚድላንድስን የያዘው ሴንትራል ማንም እንደማይወዳደረው በመገመቱ በዓመት 2,000 ፓውንድ ብቻ አቅርቦ ፈቃዱን ሲያገኝ፣ ዮርክሻየር ቴሌቪዥን ግን 37.7 ሚሊዮን ፓውንድ አቀረበ። በለንደን የሥራ ቀናት ስርጭት የነበረው አንጋፋው ቴምስ በካርልተን ተበልጦ ከ1993 መግቢያ ጀምሮ ከአየር ወረደ። ስካይ ገና እየበረታ በነበረበት በዚያ ወቅት ለድራማና ለዜና ሊውል ይችል የነበረ ገንዘብ በየዓመቱ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባ ጀመር።

ሁለተኛው ስሕተት ግን የጣቢያው የራሱ ነው፤ ከቁጥሮቹ ሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝም እሱ ነው። ከሐምሌ 1967 ጀምሮ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ «ኒውስ አት ቴን» የሚባል የዜና እወጃ ነበር። የቢግ ቤን ደወል ሲመታ በየደወሉ መካከል አንድ አንድ የዜና ርዕስ ይነበባል፤ ቤተሰቡም ከመተኛቱ በፊት እሱን ይጠብቃል። የአይቲቪ ኃላፊዎች ዜናው ረጃጅም ፊልሞችን ለሁለት እየቆረጠ ተመልካች ያሸሻል በሚል ምክንያት በመጋቢት 1999 አነሡት። በጥቅምት 2000 ቢቢሲ የራሱን ዋና ዜና ወደዚያው ሰዓት አመጣና ቦታውን ወረሰ። አይቲቪ በ2001 ዜናውን በሳምንት ለተወሰኑ ቀናት መለሰ፤ በ2004 በግማሽ ሰዓት ወደ ኋላ ገፋው፤ በ2008 እንደገና ወደ ጥንት ሰዓቱ አመጣው። ሰዎች በዚያ ወቅት «ኒውስ አት ዌን»፣ ማለትም «የመቼ ዜና» ብለው ሰየሙት። ተመልካች በየምሽቱ በተወሰነ ሰዓት የሚቀመጠው ልማድ ስለሆነበት ነው፤ ያ ልማድ አንዴ ከፈረሰ በኋላ ዜናውን ወደ ቦታው መመለስ ልማዱን አብሮ አይመልሰውም።

ስለ ሦስተኛው ባጭሩ ልናገር። ካርልተንና ግራናዳ የተባሉት ሁለቱ ትልልቅ የአይቲቪ ኩባንያዎች ስካይን ለመገዳደር በ1998 ኦንዲጂታል፣ በኋላም አይቲቪ ዲጂታል የተባለ የክፍያ ቴሌቪዥን አቋቁመው፣ ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ያሉትን ክለቦች ጨዋታ ለሦስት ዓመት በ315 ሚሊዮን ፓውንድ ገዙ። የሚያየው ሰው አልተገኘም፤ ድርጅቱም በ2002 ተዘጋ። ገንዘቡን ውሃ በላው፤ ቀሪ ክፍያቸውን ያላገኙ ትንንሽ ክለቦችም ከባድ ችግር ላይ ወደቁ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ለደንበኞቻችን የአየር ሰዓት እገዛለሁ። እዚህ የሚያነጋግረን ጣቢያ ሁሉ በተመልካች ብዛት አንደኛ ነኝ ይለናል። በብሪታንያ ተመልካቹን የሚቆጥሩት እንዴት ነው? የተመልካች መቀነስስ ወደ ገንዘብ መቀነስ የሚለወጠው በምን መንገድ ነው?

መልስ፦ ቆጠራውን ከ1981 ጀምሮ የሚያካሂደው ባርብ የተባለ ተቋም ሲሆን፣ ቢቢሲና የንግድ ጣቢያዎቹ በጋራ የሚቀበሉት አንድ ቁጥር እንዲኖር የተቋቋመ ነው። አገሩን እንዲወክሉ ተመርጠው በየቴሌቪዥናቸው ላይ መቁጠሪያ መሣሪያ የተገጠመላቸው ከ5,000 የሚበልጡ ቤቶች አሉት። በእነዚህ ቤቶች ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በሪሞቱ ላይ የራሱ ቁልፍ ይሰጠዋል። አባት ከሥራ ገብተው ሶፋው ላይ ሲቀመጡ የራሳቸውን ይጫናሉ፤ ልጅቱ ክፍሉን ለቅቃ ስትወጣ የራሷን ታጠፋለች፤ ለእንግዳም ዕድሜና ጾታ ተሞልቶ ይመዘገባል። መረጃው ሌሊቱን ተሰብስቦ በማግሥቱ ጠዋት የየጣቢያው ኃላፊዎች ጠረጴዛ ላይ ይገኛል፤ ቀድተው ወይም ዘግይተው ያዩትም በኋላ ይደመራሉ። እርስዎ እንደሚሉት ሻጩ ራሱ ቆጣሪ በሆነበት ገበያ ውስጥ የሚሠራ ሰው ከዚህ የሚወስደው ዋናው ነገር ቆጣሪው የሁሉም የጋራ መሆኑን ይመስለኛል።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ አይቲቪ ላይ የደረሰው ለየት ያለ ነበር። ካርልተንና ግራናዳ በ2004 ተዋሕደው አይቲቪ ፒኤልሲ ሲሆኑ ከአገሪቱ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ገቢ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በአንድ እጅ ሊገባ ስለነበር፣ የውድድር ተቆጣጣሪዎች አንድ ግዴታ ጣሉባቸው። በግዴታው መሠረት አስተዋዋቂዎች የቀድሞ ውላቸውን በነበረበት ሁኔታ የማደስ መብት ተሰጣቸው፤ የዋናው ጣቢያ የተመልካች ድርሻ ከቀነሰ ደግሞ እነሱም ለጣቢያው የሚመድቡትን በዚያው መጠን መቀነስ ይችላሉ። ለምሳሌ ከመቶ ብር የቴሌቪዥን በጀቱ አርባውን ለአይቲቪ ለመስጠት የተዋዋለ ድርጅት፣ የጣቢያው ድርሻ በአንድ አሥረኛ ቢወርድ ሠላሳ ስድስት ብቻ መስጠት መብቱ ነው። እርስዎ በመግዣው በኩል ስለሚቀመጡ ይህ መልካም ሊመስልዎት ይችላል። ለጣቢያው ግን እያንዳንዱ የጠፋ ተመልካች በቀጥታ ከእንጀራው የሚቀነስ ሆነበት፤ ተመልካቹ ወደ ራሱ ወደ አይቲቪ ሁለት ቢሸጋገር እንኳ ለዋናው ጣቢያ አይቆጠርለትም ነበር። ስለዚህ ኃላፊዎቹ አዲስ ነገር ሞክሮ መውደቅን ፈሩ፤ ብዙ ሰው እንደሚያየው የተረጋገጠውን ተከታታይ ድራማና የተሰጥዖ ውድድር እየደጋገሙ መዘርጋት መረጡ። ገበያውን ለመጠበቅ የወጣ ደንብ ጣቢያውን ከድጡ ወደ ማጡ ከተተው ብዬ አምናለሁ።

በዚህ ላይ ማስታወቂያው ራሱ ቤት ቀየረ። በ2009 የመጀመሪያ ስድስት ወራት በብሪታንያ ለኢንተርኔት ማስታወቂያ የወጣው ገንዘብ ለቴሌቪዥን ከወጣው በለጠ። አይቲቪም ለ2008 ወደ 2.7 ቢሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ኪሳራ አስመዘገበ፤ አብዛኛው በመዝገብ ላይ የነበረው የንብረቱ ዋጋ ዝቅ በመደረጉ የመጣ ቢሆንም፣ መቶዎች ሥራቸውን ያጡት ግን በእውን ነው። በ2010 ዋና ሥራ አስፈጻሚ የሆነው አዳም ክሮዚየር መዳኛውን ፕሮግራም ሠርቶ ለሌሎች ጣቢያዎች በመሸጥ ውስጥ ፈለገ፤ የአይቲቪ ስቱዲዮዎች በ2023 ከ2 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ገቢ አስገብተዋል። ከ2018 ጀምሮ የምትመራው ካሮሊን ማኮል ደግሞ በታኅሣሥ 2022 አይቲቪኤክስ የተባለውን የኢንተርኔት አገልግሎት ከፈተች።

አንድ ነገር ግን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። ተመልካቹ እየቀነሰም የአይቲቪ ዋና ሰዓት ማስታወቂያ በውድ ዋጋ መሸጡን አላቆመም። የአገሪቱ ሰው በየስልኩ በተበተነበት ዘመን ብዙ ሚሊዮን ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ አንድ ላይ የሚይዝ ቦታ ብርቅ ስለሆነ፣ አስተዋዋቂው ለዚያ ብርቅነት ይከፍላል።

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። አያቴ የስድሳ ስድስቱን ረሃብ በዓይናቸው ያዩ ናቸው፤ ረሃቡን ለዓለም ያሳየው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ነው ሲሉ እሰማቸዋለሁ። ያ ጣቢያ አይቲቪ ነበር? ከሆነ፣ የተመልካቹ መቀነስ ይህን የመሰለውን ሥራ አልጎዳውም?

መልስ፦ አያትህ ልክ ናቸው። ጋዜጠኛው ጆናታን ዲምብልቢ ከቀረጻ ባልደረቦቹ ጋር ወሎ ድረስ መጥቶ የሠራው ፊልም፣ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በቴምስ ቴሌቪዥን «ዚስ ዊክ» ዝግጅት በአይቲቪ ተላለፈ፤ የብሪታንያ ሕዝብም የእርዳታ እጁን ዘረጋ። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሲሸፋፍነው የቆየው እልቂት አደባባይ ወጣ። ከዓመት በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር እያቀያየጠ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋናቸው ወረዱ። ሙታኖቻችንን የቀረጸው ፊልም በሌላ እጅ ለሌላ ዓላማ ተቆርጦ መቀጠሉ ዛሬም ያመኛል፤ የመጀመሪያውን ሥራ ክብር ግን አይቀንሰውም።

ለጥያቄህ የሚጠቅመው ሌላው ጉዳይ፣ ሳሙናና ቢራ የሚያስተዋውቅ ጣቢያ ወሎ ድረስ ሰው የላከበት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ፈቃድ ሰጪው አካል እንዲህ ያለው የወቅታዊ ጉዳይ ዝግጅት ብዙ ሰው በሚያይበት ምሽት እንዲቀርብ ያስገድድ ነበር። ሁለተኛ፣ የማስታወቂያው ገበያ በእነሱ እጅ ስለነበር ወጪው አይከብዳቸውም። የ1990ው ሕግ ግዴታውን አላላው፤ የተመልካቹ መበተን ገንዘቡን አሳሳው። «ዚስ ዊክ» ከቴምስ ጋር በ1992 አበቃ፤ የግራናዳው «ወርልድ ኢን አክሽን» በ1998 ተከተለው። ስለዚህ አዎን፣ ጎድቶታል።

ፈጽሞ ጠፍቷል ግን አልልህም። በጥር 2024 አይቲቪ በኮምፒዩተር ጉድለት ምክንያት በሐሰት በሌብነት ስለተከሰሱ የፖስታ ቤት ወኪሎች አራት ክፍል ድራማ በተከታታይ ምሽቶች አሳየ። ጉዳዩ ለዓመታት በጋዜጣ ሲጻፍና በፍርድ ቤት ሲታይ የኖረ ቢሆንም፣ አገሩን በአንድ ሳምንት ያስቆጣው ያ ድራማ ነበር፤ በግንቦት ወር ፓርላማው የተፈረደባቸውን በጅምላ ነጻ የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ብዙ ሚሊዮን ሰው ያየው ይህ ሥራ ለጣቢያው ትርፍ እንዳመጣለት ታስብ ይሆናል፤ የጣቢያው ኃላፊዎች ግን ወደ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ እንደከሰሩበት ተናግረዋል።