የኢንዶኔዥያ ልጆች በሰው አገር፦ ጥያቄና መልስ

ሄግ ከተማ ውስጥ የኢንዶኔዥያ ዝርያ ካላቸው ሠዓሊዎችና ሙዚቀኞች ጋር ለዓመታት ኖሬአለሁ። ስለ እነሱ የላካችሁልኝን ጥያቄዎች አንድ ላይ መለስኳቸው። ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።

ጥያቄ፦ ሆላንድ ውስጥ እንዴት እንዲህ በዙ?

መልስ፦ ኢንዶኔዥያ የሆላንድ ቅኝ ግዛት ነበረች። ነጻነቷን በ1945 አወጀች፤ ሆላንድ የተቀበለችው ግን በ1949 ነው። በዚያ ዘመንና ከዚያም ወዲህ ወደ 300,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ሆላንድ ተሻገረ። ብዙዎቹ «ኢንዶ» የሚባሉ ክልሶች ናቸው።

ጥያቄ፦ ጊታሪስቱ ኤዲ ቫን ሄለን ኢንዶኔዥያዊ ነው የሚባለው እውነት ነው እንዴ?

መልስ፦ በእናቱ፣ አዎ። እናቱ ጃቫ በምትባለው የኢንዶኔዥያ ደሴት የተወለደች ኢንዶ ናት፤ አባቱ ሆላንዳዊ ሙዚቀኛ። ኤዲ በ1955 አምስተርዳም ተወለደ። ቤተሰቡ ክልስ በመሆኑ እዚያ ብዙ ንቀት ቀመሰ። በ1962 ፒያኗቸውን ይዘው በመርከብ ወደ አሜሪካ ሄዱና ፓሳዲና ከተሙ። ልጁ የዓለም ታላቅ ጊታሪስት ከሆነ በኋላም ብዙ ሰው ስሙን ሰምቶ «ሆላንዳዊ ነው» ብሎ አለፈው። ስም የአባትን አገር ይናገራል፤ የእናት አገር ተደብቆ ይቀራል። ስለዚህ የአንድን አርቲስት ነገር ስታጣሩ እናቱንም ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ዘፋኟ አንጉን ፈረንሳይን ወክላ ዩሮቪዥን በሚባለው የአውሮፓ የዘፈን ውድድር ላይ ቀርባለች። ታዲያ ምኗ ነው ኢንዶኔዥያዊ?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ያመኛል። ጃካርታ ተወልዳ፣ ገና በልጅነቷ በሮክ ታውቃ ነው በ20 ዓመቷ ወደ አውሮፓ የወጣችው። የፈረንሳይ ዜግነት ያገኘችው በ2000 ነው። የኢንዶኔዥያ ሕግ ለአዋቂ ሁለት ዜግነት አይፈቅድም፤ አንዱን መልቀቅ ግድ ነው። የእኛ የኢትዮጵያም ሕግ እንዲሁ ነው። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) የያዛችሁ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ። ፓስፖርቷን መለሰች እንጂ በአገሯ ቋንቋ መዝፈኗን አልተወችም።

ጥያቄ፦ አርቲስት በሰው አገር ማንነቱን ሥራው ላይ እንዴት ያሳያል? ባቲክ የሚባለውን በሰም እየተሣለ የሚቀለም የኢንዶኔዥያ ጨርቅ በመልበስ?

መልስ፦ ባቲኩም ደስ ይላል። ግን ራደን ሳሌህን እዩት። የጃቫ ሰው ነው፤ አውሮፓ ከ20 ዓመት በላይ ኖሮ በየቤተ መንግሥቱ የተከበረ ሠዓሊ ሆነ። የጃቫው ልዑል ዲፖነጎሮ ሆላንዶችን አምስት ዓመት ከተዋጋ በኋላ በ1830 ለድርድር ተጠርቶ ተያዘ። አንድ ሆላንዳዊ ሠዓሊ ይህን ቀድሞ ሥሎት ነበር፤ ልዑሉ እጁን የሰጠ መስሎ፣ የሆላንድ ባንዲራ እየተውለበለበ። ሳሌህ ወደ ጃቫ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1857፣ ያንኑ ትዕይንት እንደገና ሣለው። ባንዲራው የለም። ልዑሉ ቀና ብሎ በያዘው የሆላንድ ጄኔራል ላይ አፍጥጧል። የሆላንዶቹን ጭንቅላት ደግሞ ልብ በሉ፤ ከአካላቸው ጋር አይመጣጠንም፣ ገዝፏል። ሆን ብሎ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ እኔም አምናቸዋለሁ። ሥዕሉን የሰጠው ደግሞ ለራሱ ለሆላንድ ንጉሥ ነው! በ1978 ወደ ኢንዶኔዥያ ተመልሷል።

ጥያቄ፦ ቻይናዊ ዝርያ ያላቸውስ?

መልስ፦ የእነሱ የማንነት ጣጣ ድርብ ነው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ በ1967 በወጣ መመሪያ የቻይና በዓልና ወግ በአደባባይ ተከለከለ፤ እስከ 2000 አልተነሣም። ብዙዎች ስማቸውን ቀየሩ። ፔካንባሩ በምትባል የኢንዶኔዥያ ከተማ የተወለደችው አርቲስት ፊዮና ታን አውስትራሊያ አድጋ አምስተርዳም ትኖራለች። በ1997 በሠራችው ዘጋቢ ፊልም በየአገሩ የተበተኑ ዘመዶቿን እየዞረች ማንነታቸውን ጠየቀች።

ጥያቄ፦ ብዙ ኢንዶኔዥያውያን አንድ ስም ብቻ ነው ያላቸው አሉ። ፎርም ሲሞሉ ምን ይሆናሉ?

መልስ፦ የአያታችንን ስም «የቤተሰብ ስም» ብለን የምንሞላ እኛ እንረዳቸዋለን። አንዲት ሠዓሊ ጓደኛዬ መላ ብታጣ ስሟን ሁለቴ ጻፈችው። ደብዳቤ ሁሉ ስሟ ተደግሞ ይመጣላታል። ሥዕሏ ላይ የምትፈርመው ግን አንዴ ነው።