«ልጄ የምታጠናው ያንን ነገር ነው»

ጥያቄ፦ ልጄ ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በሶሲዮሎጂ ተመርቃ ለዶክትሬት አሜሪካ ሄደች። አሁን አራተኛ ዓመቷ ነው። ምን እንደምታጠና ስንጠይቃት «ስለ ቤተሰብ» ትለን ነበር። በቀደም የወንድሜ ልጅ ስለ ጥናቷ የተጻፈውን በቴሌግራም ላከልን። ለካ የምታጠናው ጥቁር ሆነው ያንን ነገር የሆኑ ሰዎች እንዴት ቤተሰብ እንደሚመሠርቱ ነው። ከዚያ ወዲህ አባቷ አያናግራትም። እሑድ ስትደውል ተነሥቶ ጓሮ ይሄድና አቮካዶውን ውሃ ያጠጣል፤ ዝናብ እየዘነበ እንኳ። እኅቱ ደግሞ «ራሷ ባትሆን ምን አገባት?» አለችን። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። በግልጽ ልጠይቃት? ወይስ ጥናትሽን ቀይሪ ልበላት?
የልጅቷ እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ እትዬ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አቮካዶው ላይ ስደርስ ሁለቱንም ጊዜ ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ አዘንኩ። ልጁን የጠላ አባት ዝናብ ላይ አይወጣም። ቤት ተቀምጦ ስልኩን ዝጊው ይላል። ባለቤትዎ የፈሩት ድምጿን ይመስለኛል፤ ከሰሙት ይረታሉ።

ልጅዎ አልዋሸችዎትም። ጥናቷ በእርግጥ ስለ ቤተሰብ ነው። ዘርና ያ ነገር፣ ማለትም የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር፣ ምን አገናኛቸው ብለው ከሆነ፣ በአሜሪካ ታሪካቸው የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ነጭ ባልና ጥቁር ሚስት በሌሊት ከመኝታ ቤታቸው ተያዙ። ወንጀላቸው መጋባታቸው ነበር። ፍርዱ ምን መሰለዎት? ከእስር ለመዳን ለ25 ዓመት አብረው ወደ ግዛቲቱ እንዳይመለሱ። ከእናት ከአባት፣ ከአገር ከሰፈር ተለዩ ማለት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1967 ለእነሱ ሲፈርድ እንዲህ ያለ ክልከላ ገና በ16 ግዛቶች ነበር። በ2015 ያው ፍርድ ቤት የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በመላ አገሪቱ ሲፈቅድ ያንን የድሮ ፍርድ እየጠቀሰ ነው። ሚኞን ሙር የምትባል ሶሲዮሎጂስት ደግሞ ኒው ዮርክ ውስጥ ሴት ከሴት ጋር ቤት የመሠረቱ ጥቁር ሴቶችን አጥንታለች። ብዙዎቹ ከጥቁሩ ሰፈርና ከዘመዶቻቸው መራቅን አልፈለጉም። ከእናቶቻቸው ጋር እንዴት እንደሚኖሩ፣ ምን ተናግረው ምን እንደሚተዉ ዕለት ዕለት ያሰላሉ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነው? «እያወቁ ዝም» የሌለበት ቤት እስቲ ያሳዩኝ።

የባለቤትዎን እኅት ጥያቄ ልመልስ። ወባ የሚያጠና ሁሉ ወባ አለበት? የለበትም። ግን ይህን ምሳሌ ከጻፍኩት በኋላ አልወደድኩትም። ወባ በሽታ ነው፤ ይሄ በሽታ አይደለም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1973፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1990 ከበሽታ ዝርዝራቸው አውጥተውታል። እምነትዎ ሌላ ይላል፤ አውቃለሁ፣ ያንን ልነካ አልመጣሁም። እንደ ባለሙያ ግን «የሚታከም ነገር ነው» ብሎ የሚመጣብዎትን ሰው አይስሙ።

አሁን ዋናው ነገር። «አጥኚ ናት እንጂ እሷስ አይደለችም» የሚለው ሐሳብ ደረትዎን ቀለል እንደሚያደርገው ይገባኛል። ለራስዎ ይያዙት፤ ለእሷ ግን አይንገሯት። ካልሆነች ምንም አይጎድልባትም። ከሆነች ግን በዚያች አንዲት አፍታ በሩ ተዘጋባት። «እኔን የሚወዱኝ ካልሆንኩ ብቻ ነው» ብላ ትሄዳለች፤ ለእርስዎም መቼም አትነግርዎትም።

ለዚያ ነው አይጠይቋት የምለው። ጥያቄው ትክክለኛ መልስ የለውም። «አይደለሁም» ብትል እንኳ «ብሆንስ ኖሮ?» የሚለው ውስጧ ይቀራል። «ነኝ» ብትል ደግሞ ባልመረጠችው ሰዓት፣ በስልክ፣ ምናልባትም አክስቷ ሳሎን ተቀምጣ ነው የምትለው። ጥናቱን ቀይሪ ማለትም ያው ነው። «ስለ ቤተሰብ» እያለች አድበስብሳ ያለፈችው ፈርታ አይደል? ፍርሃቷ ልክ ነበር ማለትዎ ይሆናል። የአራት ዓመት ልፋቷም አለ።

ይልቅ ይህን ይበሏት፦ «ስለ ሥራሽ ከሌላ ሰው መስማቴ ከፋኝ። ካንቺ ልስማው። ሁሉም ላይገባኝ ይችላል፤ እምነቴንም ታውቂያለሽ። አንቺ ግን ልጄ ነሽ።» ከዚያ ዝም ብለው ያዳምጡ። አይቸኩሉ። የመጀመሪያው እሑድ ስለ አየሩና ስለ ዋጋ ብቻ አውርታ ብትዘጋ አይደንግጡ።

ወሬው ላይ ግን ጨክኑ። በአገራችን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱን ወንጀል ያደርገዋል። ማጥናት ወንጀል አይደለም። ሰፈር ግን ይህን አይለይም። ልጅቷ ነገ ለፋሲካ ልትመጣ ትችላለች፤ ስሟ ቀድሟት እንዳይደርስ። የወንድምዎን ልጅ ጠርተው የላከውን እንዲያጠፋ፣ ለሌላም እንዳያስተላልፍ ይንገሩት። ለባለቤትዎ እኅትም «ስለ ልጄ እኔን ጠይቂኝ፤ ወሬው ግን ከእኔ ቤት ወዲያ እንዳይወጣ» ይበሏት። ቡና ላይ አይሁን፣ ለብቻዋ። ለንስሐ አባት ልንገር ወይ ብለው ካሰቡ፣ የራስዎን ጭንቀት ይናገሩ፤ የእሷን ምስጢር ግን መናገር የእሷ ፈንታ ነው።

ባለቤትዎን አይጎትቷቸው፤ ስልኩንም ጆሯቸው ላይ አይለጥፉባቸው። እሑድ ስፒከሩን ይክፈቱና የጓሮውን በር ገርበብ አድርገው ይተዉት። አቮካዶ ውሃ ሲበዛበት ሥሩ ይበሰብሳል፤ ይህንንም እግረ መንገድዎን ሊነግሯቸው ይችላሉ። በሩ ክፍት መሆኑን ግን ለልጅቷ አስቀድመው ይንገሯት። ሳታውቅ አይስሟት።