ወጌሻ ዘንድ ቆይቶ ለመጣ ሕመምተኛ

ልጆቼ፣

በነርስነት ለመመረቅ ጥቂት ወራት የቀሯት የጎረቤቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን ቡና ልትጠጣ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ሕመምተኛው ወጌሻ ዘንድ ቆይቼ ነው የመጣሁት ቢለኝ ምን ልበለው?» አለችኝ። እኔ ስኒዬን ይዤ ዝም አልኩ፤ ይህን ጥያቄ በወጣትነቴ ራሴን ጠይቄው ቢሆን ኖሮ አንዲት ሴት ዛሬ ሁለት እጅ ይኖራት ነበር ብዬ ስለማስብ ነው።

በ1979 ዓ.ም. በአንዲት የደጋ ወረዳ ጤና ጣቢያ የ24 ዓመት ነርስ ነበርኩ። የነበርነው እኔና አንድ ጤና ረዳት ብቻ ስንሆን ገበሬው ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ ሐኪም ይል ነበር፤ እኔም ስሙን አልጠላሁትም። አንድ ጠዋት ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው እረኛ በአባቱ ጀርባ ታዝሎ መጣ። ከአምስት ቀን በፊት ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰብሮ፣ የመንደሩ ወጌሻ አጥንቱን አቅንቶ፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ዙሪያውን ደግፎ በጨርቅ ጠምጥሞታል። ልጁ ሁለት ሌሊት ሲጮህ አድሮ በሦስተኛው ዝም ማለቱን አባትየው የነገረኝ የመሻል ምልክት አድርጎ ነበር። ማሰሪያውን ስፈታ ጣቶቹ ጠቁረዋል፣ መዳፉ ቀዝቅዟል፤ ሽታውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ወደ ሆስፒታል ላክነው፤ ክንዱ ከክርኑ በላይ ተቆረጠ።

የተሰበረ ክንድ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት ያብጣል፤ ቀርከሃና ጥብቅ ጨርቅ ደግሞ አይሰፉለትም። እብጠቱ መውጫ ሲያጣ ወደ ውስጥ ይጫናል፤ ደም መልሱ፣ ቀጥሎም ደም ቅዳው ይታፈናል፤ ጡንቻም ያለ ደም የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ነው። ሰውየው አጥንቱን በማቅናት ረገድ እኔ የማልችለውን ሠርቷል። የሳተው አጥብቆ ማሰሩና ተመልሶ አለማየቱ ነው። ይህን ለማስተማር ግማሽ ቀን ይበቃ ነበር፦ ጣት ከማሰሪያው ሥር ይግባ፣ ጥፍሩ ተጭኖ ሲለቀቅ ቅላቱ ቶሎ ይመለስ፣ ልጁ ደነዘዘኝ ካለ ወይም ጣቱን ሲዘረጉለት ከጮኸ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ይፈታ።

እኔ ግን ቅዳሜን ጠብቄ ገበያ መሐል ፈልጌ አገኘሁትና የአባቴን እኩያ «አንተ» ብዬ፣ ነፍሰ ገዳይ ብዬ ሰደብኩት። አንድ ቃል አልመለሰልኝም፤ ጋቢውን ተከናንቦ ሊሸጠው ያመጣውን በግ እየጎተተ ሄደ። የቀበሌው ሊቀመንበር እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ፤ ያን ዕለት ሳይንስን ያስከበርኩ መስሎኝ በኩራት አደርኩ።

ከወራት በኋላ አንዲት እናት ልጇን አቅፋ መጣች። ያው ቀርከሃ፣ ያው ጥቁር ጣት፤ ይህችኛዋ ግን ከተሰበረች ዘጠነኛ ቀኗ ነበር። እስካሁን ምን ትጠብቂ ነበር ብዬ ስጮህባት፣ «እርስዎ ይሰድቡናል ብለን ፈርተን ነው» አለችኝ። ወጌሻውም ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ማሰሩን እንዳልተወ፣ ሰው እንዳያየው ብቻ ማታ ማታ በኩራዝ እንደሚያስር የሰማሁት ከእርሷ ነው። ቤቱ ከጤና ጣቢያው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነበር። ልሄድ አሰብኩ፤ መጀመሪያ ክረምቱ፣ ከዚያ የክትባት ዘመቻው፣ ከዚያም እልሁ ያዘኝና ሳልሄድ በዓመቱ ተዛወርኩ።

ይህን ስላልኩ የባህል ሕክምና ጠበቃ አልሆንኩም። በእኛ ጊዜ የተማረው ወጣት የአያቱን መድኃኒት ይንቅ ነበር፤ የዛሬዎቹ ደግሞ «ተፈጥሯዊ ነገር ጉዳት የለውም» የሚለውን ከስልካችሁ ለቅማችሁ፣ ስኳርንም ደም ብዛትንም ከሥሩ ይነቅላል የተባለ ዱቄት ትገዛላችሁ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚብስ አላውቅም። ኮሶም ተፈጥሯዊ ነው። አባቴ ጥሬ ሥጋ ወዳጅ ስለነበር በየሁለት ወሩ የተፈጨውን አበባ በባዶ ሆዱ በጥብጦ ይጨልጥና ጓዳ ገብቶ ይተኛል፤ እኛ ልጆች ያን ቀን ድምፃችንን አናሰማም። ኮሶ ትሉን በእርግጥ ያስወጣል፤ መጠኑ ሲያልፍ ግን ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። በሌላ ወገን ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ባያስተውሉ ኖሮ፣ ቢልሃርዝያን የሚያዛምተውን ቀንድ አውጣ የሚገድለው ተክል ለእኛ የልብስ ሳሙና እንደሆነ ይቀር ነበር።

የመደበቁን ነገር በኋላም አይቼዋለሁ። የኤችአይቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2005 በነጻ መሰጠት ሲጀምር ጠበል ገብተው ኪኒናቸውን ያቋረጡ ነበሩ፤ ለእኛ ግን አይነግሩንም። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና ኪኒኑ እንደማይጣሉ በይፋ ከተናገሩ በኋላ እኔ በምሠራበት ክፍል አንዳንዶቹ የጠበል ጠርሙሳቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ማስቀመጥ ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ መነጋገር ቀላል ሆነ።

መጠኑ ያልታወቀ ነገር አትጠጡ እላለሁ፤ ምላጭ ከሰው ሰው የሚዞርበት ዋግምት ዘንድም አትሂዱ። ምች ሲመታኝ ግን ዳማከሴ ታሽቶ ካልቀረበልኝ ዛሬም የታከምኩ አይመስለኝም፤ ባለቤቴ ይህን ስታነብ መሳቋ አይቀርም።

ለጎረቤቴ ልጅ የመለስኩላት እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ጣቶቹን እዪ። ከዚያ ዘመዶቹ ሳይሰሙ፣ ድምፅሽን ሳትለውጪ ምን እንደጠጣ፣ ስንት ቀን እንደጠጣ ጠይቂው፤ የነገረሽንም ካርዱ ላይ ጻፊው፤ ጉበቱ ወይም ኩላሊቱ ቢታመም ቀጥሎ የሚያየው ሐኪም ያስፈልገዋልና። የወጌሻውንም ስም ጠይቂው።

«ስሙን ለምን?» አለችኝ።

ቤቱ የት እንደሆነ እንድታውቂ ነው አልኳት።